«አንዴ ላስቸግርሽ?»፦ መልሱን እያወቁ ዝም ማለት ለሚከብዳቸው አለቆች

አለቃ የሆንኩት ኤክሴል ስለምችል ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። የሪፖርት ክፍላችን ውስጥ ያልገጠመ ድምር ሲኖር ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ቦታው ክፍት ሲሆን «እሷ ትሁን» ተባለ። ስድስት ሰው ተሰጠኝ። ሰው እንዴት እንደሚመራ ግን ቁጭ አድርጎ ያሳየኝ አልነበረም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎበዝ አለቃ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንዱ ይመጣና «አንዴ ላስቸግርሽ?» ይላል። ችግሩን ይነግረኛል። ግማሹን ሳልሰማ «ገባኝ፣ ላክልኝና እኔ አየዋለሁ» እላለሁ። አመስግኖኝ ይሄዳል። ቀጥሎ ሌላዋ ትመጣለች። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ስድስቱም ቤታቸው ገብተዋል። እኔ የስድስቱንም ሥራ ታቅፌ ቢሮ ቁጭ ብያለሁ። ከዚያ ደግሞ ለሰው «ልጆቹ ኃላፊነት አይወስዱም» እያልኩ አማርራለሁ። ኃላፊነቱን ከእጃቸው የምነጥቀው እኔው ነኝ እኮ!

የነቃሁት ፈቃድ ወጥቼ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ስልኬ 9 ጊዜ ጮኸ። ከ9ኙ ሰባቱ ደዋዩ ራሱ መልሱን የሚያውቀው ነበር። «እንዲህ ባደርገው ይሻላል ብዬ ነበር፣ ግን አንቺን ሳልጠይቅ...» ይሉኛል። ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እንዲህ አድርጌ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ነው የምጽፈው። አዲስ አለቃ ከሆናችሁ፣ ወይም አሮጌ ሆናችሁም ስልካችሁ እረፍት ላይ የማይተኛ ከሆነ፣ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ቁጠሩ

ለአንድ ሳምንት ኪቦርዳችሁ አጠገብ ወረቀት አስቀምጡ። ሰው ጥያቄ ይዞ በመጣ ቁጥር አንድ ጭረት ጫሩ። ወረቀቱን ግን ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ በኩል በእውነት ያላወቀውን ጠይቆ የመጣ፣ በሌላው በኩል እያወቀ ፈቃድ ፈልጎ የመጣ።

እኔ ከእረፍት እንደተመለስኩ በአንድ ማክሰኞ 14 ጭረት ቆጠርኩ። አራቱ ያላወቁ ናቸው። አሥሩ ፈቃድ ፈላጊ። የሁለቱ መድኃኒት አንድ አይደለም። ላላወቀው ሥራውን ማሳየት ነው። ለፈቃድ ፈላጊው ግን የቱ ድረስ በራሱ መወሰን እንደሚችል መንገር ይበቃል።

እኛ ግማሽ ገጽ ላይ ጻፍነው። ከክፍላችን ያልወጣ ስህተት፦ አስተካክሉት፣ አትጠይቁኝ። ወደ ሌላ ክፍል የሄደ ቁጥር፦ አስተካክሉና በኋላ ንገሩኝ። ለበላይ ኃላፊዎች የሚሄድ ነገር፦ ከመላኩ በፊት እንነጋገር። ይሄው ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጭረቱ ወደ አምስት ወረደ። አለቃ ከሆንኩ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ትርፋማው ያ ግማሽ ገጽ ይመስለኛል።

ለብቻ የምትቀመጡበት ሰዓት ያዙ

ብዙ መሥሪያ ቤት ዋን ኦን ዋን ይሉታል። ከእያንዳንዱ ሰው ጋር፣ በተወሰነ ቀን፣ ለብቻ። እኔ በየሳምንቱ 30 ደቂቃ ነው የምይዘው። ስድስት ሰው፣ ሦስት ሰዓት። ብዙ ሰው ካላችሁ በየሁለት ሳምንቱ ይሁን።

ሦስት ሰዓት ብዙ መስሎ ከታያችሁ የኢንቴሉን አንድሪው ግሮቭን አስታውሱ። የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራውን ኢንቴልን ያህል ኩባንያ ይመራ የነበረ ሰው ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲመክር እንዲህ ያለው ውይይት ቢያንስ አንድ ሰዓት ይሁን ይል ነበር። የአለቃው 90 ደቂቃ የሠራተኛውን የሁለት ሳምንት ሥራ ሊያሻሽል ይችላል የሚል ስሌት ነበረው። ሌላም አጥብቆ የሚለው ነገር አለ። ስብሰባው የሠራተኛው ነው፣ አጀንዳውንም ሠራተኛው ያዘጋጃል።

የመጀመሪያዋን ልጅ ምንም ሳልነግራት «ነገ 4 ሰዓት ላይ ለብቻችን እንገናኝ» አልኳት። የሦስት ወር ፋይሏን ሁሉ ታቅፋ፣ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። ማታ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነገረችኝ። አለቃ ለብቻ ሲጠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «ምን አጠፋሁ?» ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ለሁሉም አንድ መልእክት ላኩ። የእኔ እንዲህ ይል ነበር፦

«ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከእያንዳንዳችሁ ጋር ለብቻ 30 ደቂቃ እንቀመጣለን። የተበላሸ ነገር የለም፣ ግምገማም አይደለም። ሰዓቱ የእናንተ ነው። ያስቸገራችሁን፣ ያሰባችሁትን፣ ከእኔ የምትፈልጉትን ይዛችሁ ኑ። የሥራ ሪፖርት በኢሜይል ይበቃል።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወሳኝ ናት። እሷ ከሌለች 30ው ደቂቃ «ይሄ አልቋል፣ ያኛው ነገ ያልቃል» ሲባል ያልቃል።

ሌላ አጣዳፊ ነገር ሲመጣ ሰዓቱን አትሰርዙ። ወደ ሌላ ቀን አዙሩት። ሁለቴ ከሰረዛችሁት ሦስተኛው ላይ ሰውየው ምንም ሳይዝ ነው የሚመጣው።

አከፋፈቱም ያስቸግራል። «ሥራ እንዴት ነው?» ካላችሁ መልሱ «ደህና ነው፣ ይመስገን» ነው። እዚያው አለቀ። እኔ «በዚህ ሳምንት ጊዜሽን የበላው ምንድነው?» እላለሁ። ሁልጊዜ የሚበላ ነገር ስላለ ወሬው ራሱ ይመጣል።

ምላሳችሁን ያዙ

አሁን ወደ ከባዱ ደረስን። ሰው ችግር ሲነግራችሁ መልሱን እያወቃችሁ ዝም ማለት። አንዱን ውይይት እንዳለ ላስቀምጠው፣ ማስታወሻ ይዤ ነበር። ወርሃዊ ሪፖርቷ ሦስት ወር ሙሉ የዘገየባት ልጅ ናት።

«የሽያጭ ክፍሉ ዳታውን በጊዜ አይልክልኝም። አንቺ ብትነግሪያቸውስ?»

«እሺ፣ ለአለቃቸው እደውላለሁ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዋጥ አደረግኩት።

«ምን ቢሆን ነው ደስ የሚልሽ?»

«በጊዜ ቢልኩልኝ ነዋ።»

«በጊዜ ስትዪ መቼ?»

ትንሽ አሰበች። «ወር በገባ በ5ኛው ቀን ቢደርሰኝ እጨርሳለሁ።»

«አሁንስ መቼ ነው የሚደርስሽ?»

«አንዳንዴ በ6፣ አንዳንዴ በ8።»

«በ5 እንደሚያስፈልግሽ ያውቃሉ?»

ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። በሆዴ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባት ላይ ስደርስ ሳቅ አለች።

«እንደዛ ብዬ ነግሬያቸው አላውቅም። ‹እባካችሁ ቶሎ በሉ› ነው የምላቸው።»

«ምን ማድረግ ትችያለሽ ታዲያ?»

«አንቺ ደውይላቸው።»

«እሱ አንድ ነው። ሌላስ?»

«የሚልክልኝን ልጅ ራሱን ሄጄ ባነጋግረው።»

«ሌላስ?»

«ሁሉ ነገር እስኪያልቅ ከሚጠብቅ፣ ያለቀውን ያለቀውን ቢልክልኝ።»

«ከየትኛው ትጀምሪያለሽ?»

«ነገ ጠዋት ሄጄ አነጋግረዋለሁ።»

11 ደቂቃ ፈጀ። እኔ ብደውል በ3 ደቂቃ ያልቅ ነበር። ነገር ግን በማግስቱ ሄዳ ያመጣችው ወሬ እኔ በስልክ የማላገኘው ነው። ልጁ ዳታውን ይዞ የሚቆየው ሁሉንም በአንድ ላይ ካልላከ የምንቆጣ መስሎት ነበር። በቀጣዩ ወር በ4ኛው ቀን ግማሹን ላከ። እኔ ለአለቃው ደውዬ ቢሆን ልጁ ይወቀሳል፣ እሷን ይቀየማታል፣ ዳታውም ያው በ8 ይመጣል።

የጠየቅኳትን ልብ ካላችሁ ቅደም ተከተል አለው። ምን ትፈልጊያለሽ? አሁን ያለው ምን ይመስላል? ምን ምን አማራጭ አለ? የትኛውን፣ መቼ ታደርጊያለሽ? የኮቺንግ፣ ማለትም መልስ ከመስጠት ይልቅ ሰውን እየጠየቁ ራሱ መልሱን እንዲያገኝ የማገዝ፣ ሰዎች ግሮው የሚሉት ዘዴ ነው። ስሙ የተሠራው ከአራቱ ደረጃዎች የእንግሊዝኛ መጀመሪያ ፊደላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ መጽሐፉ በዓለም ላይ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ጆን ዊትሞር ይባላል። ይገርማችኋል፣ ሰውየው ቀድሞ የመኪና ተወዳዳሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የአውሮፓ ሻምፒዮንም ሆኗል። በፍጥነት የኖረ ሰው አለቆችን ቀስ በሉ ሲል ደስ ይለኛል።

አራቱን ጥያቄዎች መሸምደድ ቀላል ነው። በተግባር የሚያደናቅፉት ትንንሾቹ ነገሮች ናቸው።

አንዱ «ለምን» ነው። በእኛ ጆሮ «ለምን» ከአለቃ አፍ ሲወጣ ጥያቄ አይመስልም፣ ክስ ይመስላል። «ለምን ዘገየ?» ስትሉት ሰውየው ጠበቃ ሆኖ ራሱን ይከላከላል። «ምን ያዘው?» በሉት። ያው ጥያቄ ነው፣ ግን ጣታችሁ ከሰውየው ላይ ተነስቶ ሥራው ላይ ያርፋል።

ሁለተኛው «ሌላስ?» ነው። ለእኔ በአማርኛ ከዚህ የተሻለ የኮቺንግ ቃል የለም። ሰው መጀመሪያ የሚሰጣችሁ መልስ የለመደውን ነው። ሁለተኛው «አለቃዬ ይሄን ትወዳለች» ብሎ ያሰበው ነው። የራሱ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ላይ ነው የሚመጣው።

ሦስተኛው እንቆቅልሽ መጫወት ነው። ይሄ የእኔ በሽታ ነበር። መልሱን በልቤ ይዣለሁ፣ ሰውየው እሱን እስኪያገኝልኝ እጠይቀዋለሁ። «አይደለም፣ ሌላ ሞክር። ቀርበሃል። አሁንም አይደለም።» አንዱ ልጅ በመጨረሻ መሮት «አገር ልስጥሽና ንገሪኝ» አለኝ። ሳቅን፣ ግን ልክ ነበር። መልሱ አንድ ብቻ ከሆነና እናንተ ካወቃችሁት ዝም ብላችሁ ንገሩት። ጥያቄ የሚጠየቀው ከእናንተ የተሻለ መልስ ሊመጣ ይችላል ብላችሁ ስታምኑ ነው።

ስለዚህ ኮቺንግ የማይሠራበት ቦታም አለ። ሥራ በጀመረ በሁለተኛ ሳምንቱ «ይሄ የት ነው የሚሞላው?» ብሎ የመጣን ሰው «አንተስ ምን ታስባለህ?» ማለት ግፍ ነው። አሳዩት። ሪፖርቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚቀርብ ከሆነም አብራችሁ ሥሩ፣ ጥያቄው ነገ ይደርሳል። በቤቱ ወይም በጤናው ችግር ገጥሞት የመጣ ሰው ደግሞ አማራጭ እንዲደረድር አይጠየቅም። ሰምታችሁ «ስንት ቀን ይበቃሃል?» በሉት።

ፊድባክ ሲሆን ሰምና ወርቅ ይቅር

አንድ ባልደረባ ነበሩኝ። በዕድሜም በአገልግሎትም ይበልጡኛል፣ ግን አለቃቸው እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ልጆቹ ሲናገሩ ከመሃል ይገቡባቸዋል። መንገር ነበረብኝ። ፈራሁ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ፦ «የእርስዎ ልምድ ለልጆቹ ትልቅ ሀብት ነው። ልጆቹም ትንሽ ትንሽ ቢለማመዱ ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር...»

ሰሙን ይዘው ሄዱ። ወርቁ እኔው ጋ ቀረ። አመሰገኑኝ። በቀጣዩ ስብሰባ፣ ሀብት ናቸውና፣ ከበፊቱም አስረዝመው ተናገሩ።

በሁለተኛው ጊዜ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጽፌ ገባሁ። «ሰኞ ስብሰባ ላይ ልጅቷ ስታቀርብ ሁለቴ ከመሃል ገቡባት። ከዚያ በኋላ ዝም አለች፣ ያዘጋጀችውን ሁለተኛ ገጽ ሳናየው ቀረን። ስትጨርስ ቢጠይቋትስ?» ድምፄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። ለአፍታ ዝም ብለው «ይገርማል፣ አላስተዋልኩትም» አሉ። በቃ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አንቱ ማለቴን አላቆምኩም። ያቆምኩት ነገሩን መሸፈን ነው።

ያ ሦስት መስመር የእኔ ፈጠራ አይደለም። የፈጠራ አመራር ማዕከል የሚባለው የአሜሪካ ተቋም የሚያስተምረው ነው፦ መቼና የት፣ ምን አደረገ፣ ምን አስከተለ። ስለ ሰውየው ጠባይ አንድም ቃል የለበትም። «ግዴለሽ ነህ» ጠባይ ነው። «ማክሰኞ የላክኸው ፋይል ሦስተኛ ገጹ ላይ ድምሩ አልገጠመም፣ ሒሳብ ክፍሎች መልሰው ላኩት» ድርጊት ነው። የመጀመሪያውን ሰውየው ይከራከራችኋል። ሁለተኛውን ፋይሉን ከፍቶ ያየዋል።

ልዩነቱ ተራ የአነጋገር ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ፊድባክ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው አይተው ነበር። በአማካይ ፊድባክ ይጠቅማል። ነገር ግን ከሲሶ በሚበልጠው ላይ ከፊድባኩ በኋላ ሥራው ባሰ እንጂ አልተሻለም። እነሱ እንደሚሉት የሰውየው ሐሳብ ከሥራው ተነስቶ ወደ ራሱ ማንነት በዞረ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። ከአለቃዬ ቢሮ ወጥቼ ቀኑን ሙሉ «እንዲህ ነው እንዴ የምታስበኝ?» ስል የዋልኩባቸውን ቀናት ሳስታውስ አይገርመኝም።

«ግን»ንም ተጠንቀቁ። «አቀራረብሽ ቆንጆ ነበር፣ ግን...» ስትሉ ሰው ከፊቱ ያለውን ይረሳዋል። ቆይቶ ደግሞ ስታመሰግኑት ራሱ «ግን»ን ይጠብቃል። ምስጋናውን በራሱ ቀን ስጡት፣ እሱንም በዝርዝር። «ጎበዝ» ብቻ ብትሉት ምኑን እንደሚደግመው አያውቅም።

የተባለውን ጻፉ፣ የእናንተንም ጭምር

ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላ ሦስት መስመር እጽፋለሁ። እሱ ምን ሊያደርግ ነው? እስከ መቼ? እኔስ ምን ቃል ገባሁ? በቀጣዩ ሳምንት የምጀምረው ከሦስተኛው ነው።

ይህን ያስተማረኝ ስህተቴ ነው። አንዱ ልጅ ሥልጠና መግባት እፈልጋለሁ አለኝ። «እጠይቅልሃለሁ» አልኩት። ረሳሁት። አላስታወሰኝም፣ አልተነጫነጨም። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ወር ሙሉ «በዚህ ሳምንት ምን አለ?» ስለው «ምንም የለም» ነው መልሱ። ነገሩ የገባኝ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ በሚቀጥለው ዙር አስገባሁት። እንደ ድሮው ለማውራት ግን ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

በየሦስት ወሩ አንዱን ውይይት ከዕለት ሥራ ነጻ አድርጉትና ስለ ሰውየው መንገድ ብቻ አውሩ። «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?» አትበሉ፣ ማንም እውነቱን አይመልስም። «ከምትሠራው ሥራ ሰዓቱ ሳይታወቅህ የሚሄደው የቱ ላይ ነው?» በሉት። «በዚህ ዓመት አንድ አዲስ ነገር ብትችል ምን ይሁን?» በሉት። ከዚያ ያንን ነገር የሚሞክርበት ትንሽ ሥራ ፈልጉለት። አንዷ ልጅ ሰው ፊት መናገር እንደምትፈራ ነገረችኝ። ሥልጠና አልላክኳትም። በየሳምንቱ ለራሳችን ክፍል የ5 ደቂቃ ማጠቃለያ ታቀርብ ጀመር። ቆይቶ ለሁለት ክፍል፣ ከዚያም ለኃላፊዎች።

በጣም ጎበዟ ልጅ ደግሞ በአንዱ እንዲህ ያለ ውይይት «ወደ ሌላ ክፍል መዛወር እፈልጋለሁ» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ። «እኛስ?» ብዬ አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ። ማታ አስቤ በማግስቱ ተመለስኩባት፦ «ትናንት ያልኩትን እርሺው። እዚያ ለመግባት ምን ይጎድልሻል?» ከስድስት ወር በኋላ ተዛወረች። ከመሄዷ በፊት ግን ተተኪዋን ራሷ አሠልጥና ነው። ኩርፊያዬ ላይ ብቆይ ኖሮ ሌላ መሥሪያ ቤት አግኝታ በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ትሄድ ነበር።

እናንተንም አስገምግሙ

ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ «አለቃ መኖሩ በእውነት ልዩነት ያመጣል ወይ?» ብሎ የራሱን ሰዎች መረጃ አጥንቶ ነበር። ያመጣል ሆኖ ተገኘ። የጥሩ አለቃ ብለው ካወጧቸው ስምንት ነገሮች አንደኛው ጥሩ ኮች መሆን ነበር። የሙያ ችሎታው ስምንተኛ፣ መጨረሻ ላይ ነው። በኤክሴል ለተሾመ ሰው ደስ የሚል ወሬ አይደለም።

ስለዚህ በወር አንዴ የውይይቱ የመጨረሻ 5 ደቂቃ የእኔ ናት። «እኔ ምን ባቆም ሥራሽ ይቀልልሻል?» እላለሁ። «አስተያየት አለሽ?» ካላችሁ «የለኝም» ነው የምትባሉት። «ምን ላቁም?» ሲባል ግን አንድ ነገር እንዳለ አስቀድማችሁ አምናችኋል። የሚነግሯችሁንም አትከራከሩ። «እሱ እኮ...» ብላችሁ ከጀመራችሁ ያ የመጨረሻው ነው።

መጀመሪያ ስጠይቅ ሦስት ወር ምንም አላገኘሁም። በአራተኛው ያቺ ፋይሏን ታቅፋ የመጣችው ልጅ «አንድ ነገር ልበልሽ?» አለች። «እኔ ሳወራ አንቺ ስክሪኑን ታያለሽ።»

«ማስታወሻ እየያዝኩ እኮ ነው» ልላት ነበር። ዋጥኩት። አሁን ላፕቶፑን ዘግቼ፣ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ነው የምቀመጠው። ስጽፍ አንገቷን ሰገግ ካደረገች ወረቀቱን አዞርላታለሁ።